ሉሉን በጡጦ ያሳደግንበት ግቢ

የዱቄት ወተት በሞቀ ውሃ ሲበጠበጥ የሚወጣው ሽታ ሌላውን ሰው ሕፃን ያስታውሰዋል፤ እኔን አንበሳ። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ዓይኗ በቅጡ ያልተገለጠ የድመት ግልገል ከጎረቤት ይዛ መጣች። እናቷን መኪና ገጭቷት ነው አሉ። ልጄ መክሊት ወጥ ቤት ገብታ ወተቱን በጠበጠችና በጡጦ ስታቀርብላት፣ ሽታው እኔ እስከተቀመጥኩበት ሳሎን ድረስ መጣ። የማነበውን ዘግቼ ተነሣሁና በረንዳ ላይ ወጥቼ ቆምኩ። "እማዬ፣ ምነው?" አለችኝ። "ሞቆኝ ነው" አልኳት። ብርድ ነበር። ስለ ደማምና ስለ ኾበር ዓመታቴ ለመክሊት የነገርኳት ደህና ደህናውን ብቻ ነው፤ የባሕሩን ዳር መብራት፣ የወርቅ ሱቆቹን፣ ቤንዚን ከሚጠጣ ውሃ የሚረክስበትን ጉድ። የቀረውን ለማንም አልነገርኩም ማለት ይቻላል። አንድ ጊዜ ጽፌው ነበር፤ እሱም የሆነውን እነግራችኋለሁ።

ከመሄዴ በፊት ደራሲ ነበርኩ። ቃሉን ስጽፈው ዛሬም ያሳፍረኛል። ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት የአለቆችን ደብዳቤ እየተየብኩ፣ ከሥራ መልስ አጫጭር ልቦለዶች እጽፍ ነበር። አንዳንዶቹ በእሑድ ሬዲዮ ተተርከውልኛል፤ የሰፈሩ ባለሱቅ "ያቺ ልጅ መጨረሻ ላይ ምነው ሞተች?" ብሎ ስኳሩን ሳይመዝን ይሟገተኝ ነበር። አንዲት ቀጭን መጽሐፍም አሳትሜያለሁ። ያልተሸጡት ጥራዞች አልጋዬ ሥር ተቀምጠው አይጥ ተካፈለቻቸው። ባለቤቴ ሲሞትና መክሊት ኮሌጅ ልትገባ ስትል ግን ልቦለድ ጓዳ እንደማይሞላ ገባኝ። ደላላው ፓስፖርቴ ላይ ዕድሜዬን ቀነሰው፤ ወይንሸት የሚለውን ስሜንም ዘይነብ አደረገው። "እዚያ ይኼ ይሻላል፣ እትዬ" አለኝ፣ ውለታ እንደዋለልኝ ሁሉ። ማተቤን ፈትቼ በመሐረብ ቋጠርኩና ጡት መያዣዬ ውስጥ ከተትኩት። እኔ በገባሁ በጥቂት ወራት ውስጥ ያገሬ ሰው በአውሮፕላን እየተጫነ ይመለስ ጀመር። ሁሉ ሲወጣ እኔ ገብቼ በሩ ተዘጋብኝ።

የገባሁበት ቤት ኾበር ውስጥ አል ሒዛም አል-አኽደር የሚባለው ሰፈር ነበር። ጸጥ ያለ፣ አጥሩ ሁሉ ረጅም፣ በየበሩ ላይ አቧራ የለበሰ ዛፍ ያለበት ሰፈር። በበጋ ጠዋት ከባሕሩ የሚመጣው እርጥበት መስኮቱን ከውጭ ያላብሰዋል፤ ስወለውለው መልሶ ያልባል። ማዳም ክፉ ሰው አልነበረችም፤ ትረሳኝ ነበር እንጂ። ምሳ መብላቴን፣ መታመሜን፣ መኖሬንም ትረሳለች። ባሏን፣ ካፊሌን ማለት ቪዛዬን የያዘውን አሠሪዬን፣ እንደ ልጆቹ "ባባ" ነበር የምለው፤ በዕድሜ ይበልጠኝ እንደሆነም እንጃ። ትልቋ ልጃቸው ሪም ትባላለች። እኔ ስገባ ገና ጥርሷ እየተነቀለ ነበር። ያቺን ልጅ ያስተኛኋት በተረት ነው። በወጥ ቤት ዓረብኛዬ፣ ቃል ሲያጥረኝ በእጄና በዓይኔ እየጨመርኩ፣ ከራሴ እያመነጨሁ። ወረቀት ላይ መጻፍ ቀርቶብኝ ስለነበር ያለኝ ሁሉ ወደ እሷ ጆሮ ፈሰሰ። "ዘይነብ፣ ካማን" ትለኛለች፤ ድገሚልኝ ማለቷ ነው።

ባባ ከደማም ወጣ ብሎ እስቲራሓ ነበረው። እስቲራሓ ማለት ሀብታም በግንብ ያጠረው የዕረፍት ግቢ ነው፤ መዋኛ አለው፣ ድንኳን አለው፣ ቴምር አለው። የባባ ደግሞ እንስሳት ነበረው። ሚዳቋዎች፣ ሰጎኖች፣ ጣዎሶች፣ ከጣኢፍ ተራራ የተያዘ አንድ ቁጡ ዝንጀሮ፣ አንድ አንካሳ ጅብ። በመጀመሪያ የእንግዶቹ መዝናኛ ነበሩ። በኋላ ሰው ሲወዳቸው አየና በሩ ላይ ሰሌዳ ሰቅሎ፣ በሳምንቱ መጨረሻ ቤተሰብ እያስከፈለ ያስገባ ጀመር። ሴቶችና ሕፃናትን የምትቀበል ሴት ስላስፈለገች እኔን ወሰዱኝ። ሐሙስ ሐሙስ ራካ በሚባለው ሰፈር በኩል አድርገን፣ ያልተጠናቀቁ ፎቆችና የመኪና ጋራዦችን እያለፍን ስንሄድ፣ ከኋላ ወንበር ላይ በእግሬ መሐል የሰጎን መኖ ከረጢት ይዤ እቀመጥ ነበር። የቤቱን ሥራ ለሁለት ቀን መገላገሌ ብቻ እንደ በዓል ነበር።

እንስሳቱን የሚጠብቀው ሰው ጋሽ ሰይድ ነበር። የወሎ ሰው ነው፤ በወጣትነቱ ለዑምራ ሄዶ የቀረ፣ ያረጀውም እዚያው ነው። ባባን በልጅነቱ ትምህርት ቤት ያደርሰው እንደነበር ይነግረኛል። ነጭ ጥምጣሙን ጥሎ ሰማያዊ የሥራ ቱታ የለበሰ፣ ቀጭን፣ ከእንስሳቱ ጋር አማርኛ የሚያወራ ሰው። የመጀመሪያው ቀን የደረቅ ሣር አቧራ አስነጠሰኝና ሳላስበው "በስመ አብ!" አልኩ። ጋሽ ሰይድ የሣር መንሹን ይዞ ዞረ።

"ስምሽ ማን ነው ያልሽኝ?"

"ዘይነብ።"

"እኔ የማውቃት ዘይነብ ስታስነጥስ በስመ አብ አትልም" አለና ሳቀ። እኔ ግን ሌላ ሰው ሰምቶኝ እንደሆነ ወደ በሩ ዞሬ አየሁ። "አብሽሪ እህቴ፣ እኔ ምንም አልሰማሁ። እውነተኛው ስምሽስ?"

"ወይንሸት።"

"ወይንሸት" ብሎ ደገመው። ስሜን ከሰው አፍ ከሰማሁ ቆይቼ ነበር።

ከዚያ በኋላ በጾም ቀን ፉል በዳቦ ጠቅልሎ ያመጣልኝ ጀመር። ያኔ አንድ ሪያል ዳቦ ሙሉ ከረጢት ይገዛ ነበር። ማዳም ስትፈቅድልኝ ደግሞ ደማም አል ባዲያ ወዳለው ቤቱ እሄዳለሁ። አሮጌ ፎቅ ነው፤ ከየመስኮቱ የተንጠለጠለው ማቀዝቀዣ መንገደኛው አናት ላይ ይንጠባጠባል፣ ደረጃው የቅርንፉድና የፍሳሽ ሽታ አለው። ከታች የአበሻ ሱቅ ነበር፤ ሽሮና በርበሬ ከውስጥ ያወጡልሻል፣ የሃምሳ ሪያል ዓባያ በሠላሳ ይሰጡሻል፣ ለስልክሽ ሜሞሪ ካርድ ላይ ዘፈን ይጭኑልሻል። በክራር ብቻ የተዘፈነ አንድ አሮጌ ትዝታ እዚያ አስጭኜ፣ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ ሰጎን አበላ ነበር። የጋሽ ሰይድ ባለቤት ዘምዘም ዓርብ ዓርብ ቤቷን ለአበሻ ሴት ሁሉ ትከፍታለች። ሙስሊሟም ክርስቲያኗም ለቅሶዋን ይዛ ትመጣለች። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ስለምታውቅ ለእኔ ለብቻዬ ዓሣ ትጠብሳለች፤ ሐሙር የሚባለውን፣ በነጭ ሽንኩርትና በሎሚ። "ብዪ እንጂ እህቴ፣ የሰው ቤት ሥራ በባዶ ሆድ አይሆንም" ትለኛለች። ሐያት የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ደማም ተወልዳ ያደገች፣ ኢትዮጵያን በፎቶ የምታውቅ፣ አማርኛዋ ከዓረብኛ የተቀላቀለ። እንደዚያ ቤት ያለ ሌላ ቤት በዚያ አገር አላውቅም።

ሉሉ የመጣችው በካርቶን ነው። ባባ ከየት እንደገዛት አልተናገረም። ዓይኗ ጭጋግ የመሰለ፣ ሆዷ የተነፋ፣ እንደ ተሸበረ ሕፃን የምታለቅስ የአንበሳ ግልገል። ሉሉ ማለት በኛ ሉል ማለት ነው፤ ስሙን ያወጣችላት ሪም ናት። ጋሽ ሰይድ ወተቱን በጠበጠ፣ እኔ ጭኔ ላይ አስቀምጬ በጡጦ አጠባኋት። እየጠባች በሁለት እጇ ጣቴን ትይዛለች። ማዳም የረሳችኝን፣ አገሬ የረሳችኝን ያቺ ግልገል ድምፄን ለይታ ትጠራኝ ነበር። ጋሽ ሰይድ አንድ ቀን ሲያየን ቆይቶ፣ "ወይንሸት፣ አትውደጃት" አለኝ። "የእነሱ መጫወቻ ናት። መጫወቻ ሲያድግ ምን እንደሚሆን አይቻለሁ።" እሱ ራሱ ግን ጠዋት ጠዋት በሩን ሲከፍት ከሰው በፊት ሰላም የሚላት እሷን ነበር።

ሕፃናቱ በሉሉ ምክንያት ጎረፉ። እኔ ጭኔ ላይ ይዣት፣ ከበውኝ፣ ተረት እነግራቸዋለሁ። ሰጎን መብረር ያቆመችው ክንፏን ለጎረቤቷ አውሳ፣ ጎረቤቷም ሳትመልስላት ቀርታ እንደሆነ። ጅቡ ያነከሰው ወደ ሠርግ ሲሮጥ እንደሆነ። እናቶቹ ሳይቀሩ ኒቃባቸው ውስጥ ሲስቁ ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ባባ ደስ አለው። "ዘይነብ ሐካዋቲያ" ይለኝ ጀመር፤ ተረት ነጋሪ ማለት ነው። ለእንግዶቹ "የእኛን ሐካዋቲያ ስሟት" እያለ ያቀርበኛል። ደስ አይለኝም ብል እዋሻለሁ። መጽሐፌን አይጥ የበላችብኝ ሴት በስተርጅና አድማጭ አግኝቼ ነበር።

ሉሉ ግን አደገች። ጭኔ አልበቃት አለ፤ ኋላ ላይ ስትታከከኝ ትጥለኝ ጀመር። ሰዎች ፈሩ፣ በጠባብ ብረት ውስጥ ዘጉባት። በዚያ እሳት በሆነ በጋ ማራገቢያው ሲበላሽ የሚጠግነው ጠፋ። ባባ መምጣት አበዛም አላበዛም፣ ሲመጣ አያያትም። እኔና ጋሽ ሰይድ በረዶ ከዓሣ ገበያ እያስመጣን ወለሉ ላይ እንበትንላታለን፤ እሷም ሆዷን አስተኝታበት ዓይኗን ትጨፍናለች። አሁንም ስለ ደማም ሙቀት ሳስብ ቀድሞ የሚመጣብኝ ያ የተጨፈነ ዓይን ነው።

ማዳም ራሷ መኪና መንዳት በጀመረችበት ሰሞን፣ የባባ ታናሽ ወንድም ፈሃድ ከውጭ አገር ትምህርቱ ለዕረፍት መጣ። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር ጣሪያው የተከፈተ መኪና ይዞ ግቢ ገባ። እኔ ገንዳ እያጠብኩ ነበር። "ሰይድ፣ ሰንሰለቱን አምጣ" አለ።

"ለምን?" አለ ጋሽ ሰይድ።

"ኮርኒሽ፣ ባሕሩ ዳር ላዞራት ነዋ። ቪዲዮ እንቀርጻለን።"

"አይሆንም። ከዚህ ወጥታ አታውቅም፤ ሰው ትጎዳለች።"

ፈሃድ ሳቀ፤ ጓደኞቹም ሳቁ። ሰንሰለቱን ከጋሽ ሰይድ እጅ መነጨቀው። ጋሽ ሰይድ ከመኪናው ፊት ቆመ፤ ከፈሃድ ጓደኞች ሁለቱ በብብቱ ይዘው ወደ ጎን አደረጉት፣ እንደ ወንበር። ሉሉ በኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ስትወጣ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ።

ኾበር ባሕር ዳር ላይ፣ መብራት ሲይዛቸው፣ የመኪና ጥሩምባ አስደንግጧት ዘለለች። በእግሩ ያልፍ የነበረ አንድ የባንግላዴሽ ሠራተኛ ላይ ወደቀችና ትከሻውን ቦጨቀችው። ሰውየው ተረፈ። ቪዲዮው ግን በዚያው ምሽት በየስልኩ ዞረ፤ አንበሳዋ ትታያለች፣ የሚነዳው ሰው ፊት አይታይም።

በማግስቱ ፖሊሶች መጡ፤ አብሯቸው የእንስሳት ጉዳይ የሚመለከተው ሰው ነበር። ባባ እጁን በጋሽ ሰይድ ትከሻ ላይ አድርጎ፣ በሐዘን ድምፅ፣ "ይኼ የቆየ ሠራተኛዬ ነው፤ እንስሳቱንም ያመጣቸው እሱ ነው። ትናንት ሳያስፈቅደኝ አውጥቷታል። ሽማግሌ ነው፣ ምን ላድርገው" አለ። ጋሽ ሰይድ መሬት መሬት ያያል። መኮንኑ "እውነት ነው?" ሲለው፣ "እውነት ነው" አለ።

ይኼን ስሰማ ምን እንደነካኝ አላውቅም። የዘምዘም ቤት ታየኝ፣ ዓርቦቹ ታዩኝ። መጥረጊያዬን ጥዬ መሐል ገባሁ። "ሰይድ ማፊ!" አልኩ። "አንበሳዋን የወሰዳት ሰይድ አይደለም። የባባ ወንድም ነው፣ ፈሃድ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።" ጋሽ ሰይድ በአማርኛ "ወይንሸት፣ ተይ" አለኝ። ፈርቶልኝ መሰለኝ፤ አልተውኩም። መኪናውን፣ ቀለሙን፣ ሰንሰለቱን እንዴት እንደነጠቀው ሁሉንም ተናገርኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጥርት ያለ ዓረብኛ አልተናገርኩም።

መኮንኑ ወጣት ነበር፤ ረጋ ብሎ ሰማኝ። ወደ ባባ ሲዞር ባባ እየሳቀ ነበር።

"ይቺ እኮ ሐካዋቲያችን ናት" አለው። "ሥራዋ ተረት ነው፤ ሰው ገንዘብ ከፍሎ ይሰማታል። ካላመንከኝ ልጄን ጠይቃት።" ሪምን ጠራት። ያን ጊዜ አድጋለች፣ ፀጉሯን መሸፈን ጀምራለች።

"ይቺ ሴት ታሪክ ትነግርሻለች?" አላት መኮንኑ በለሰለሰ ድምፅ።

ሪም እኔን አይታ ፈገግ አለች። "አዎ፣ በየቀኑ። ከሁሉም ሰው በላይ ትችላለች።"

"እውነት ናቸው?"

"ኧረ አይደሉም። ከራሷ ነው የምታወጣቸው።" ልታሞግሰኝ ነው፤ ዓይኗ ላይ ኩራት ነበር። ከዚያም ሳትጠየቅ ጨመረች፤ "ስሟም እኮ ዘይነብ አይደለም፣ ዌንሸት ነው። ለእኔ ብቻ ነው የነገረችኝ።"

መኮንኑ ፓስፖርቴን አገላበጠ፣ ፊቴን አየ፣ ፎቶዬን አየ። ከዚያ በኋላ ስለ አንበሳዋ አንድ ቃል አልጠየቀኝም። "ኸላስ" ብሎ መዝገቡን ዘጋ። ጋሽ ሰይድን መኪና ውስጥ አስገቡት፤ ሉሉንም መርፌ ወግተው በሣጥን ጫኗት። ወዴት እንደወሰዷት የነገረኝ የለም። በሳምንቱ ባባ ኹሩጅ አስመታልኝ፤ ወጥተው የማይመለሱበትን ቪዛ። ማዳም ሻንጣዬን ራሷ አዘጋጀችልኝ። ሪም በሩ ላይ አቅፋኝ አለቀሰችና፣ "ለምን ውሸት ተናገርሽ ዘይነብ? ባባ እኮ ይወድሽ ነበር" አለችኝ። ስታድግ እውነቱን ታውቀው ይሆን እያልኩ ዓመታት አስቤያለሁ። አሁን አላስብም። ያደገችው እዚያው ቤት ነው።

አዲስ አበባ እንደገባሁ ያደረግሁት የመጀመሪያ ነገር መጻፍ ነበር። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። ድሮ ልቦለዶቼን ያወጣልኝ የነበረው አዘጋጅ አንብቦ፣ "ብዕርሽ አልዛገም" አለኝ። "ግን አንበሳ በመኪና ባሕር ዳር መዞሩ ተጋኗል፤ አንባቢ አያምንሽም። እሱን በውሻ ብትቀይሪው?" ጽሑፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ያን ቀን ከፒያሳ እስከ ቤቴ በእግሬ ነው የሄድኩት። አንድ የሚያጽናናኝ ነገር ብቻ ነበር፤ ማንም ባያምነኝ እኔ ተናግሬያለሁ፣ ጋሽ ሰይድም ሰምቶኛል። በዚያች አገር ራሴን ቀና ያደረግሁባት ብቸኛ ቀን ያቺ ነበረች።

ከወራት በኋላ ጋሽ ሰይድ ታስሮ ከቆየ በኋላ መባረሩን፣ ኮምቦልቻ የወንድሙ ልጅ ዘንድ እንዳለ ሰማሁና ሄድኩ። ከቆርቆሮ ሱቅ ፊት ለፊት በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። ቱታው የለም፤ ሽርጥ አገልድሟል፣ ከስቷል። ሲያየኝ ቀስ ብሎ ተነሣ። ወንበሩን ለቆልኝ ለራሱ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ ተቀመጠ። ሚሪንዳ አስከፈተልኝ። ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ አወራን። አላስችል ሲለኝ፣ "ጋሽ ሰይድ፣ እኔ የቻልኩትን ተናግሬ ነበር እኮ" አልኩት።

"ሰምቻለሁ። እዚያው ነበርኩ" አለ።

ጠርሙሱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ "ባባ የዚያን ቀን ጠዋት፣ ፖሊስ ሳይመጣ፣ አናግሮኝ ነበር" አለኝ። "'ሰይድ፣ ወንድሜ ትምህርቱ ይበላሽበታል፤ አንተ ተቀበልልኝ። ትንሽ ብትታሰር ነው፤ አስወጣሃለሁ፣ የአንተንም የቤተሰብህንም የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማውን፣ አድስልሃለሁ' አለኝ። እሺ አልኩት።"

"ቃሉን ይጠብቅ ነበር ብለህ ነው?"

"አላህ ያውቃል። ከልጅነቱ ጀምሮ ዋሽቶኝ አያውቅም ነበር።" ጣቶቹን አየ። "አንቺ የፈሃድን ስም ስትጠሪ ግን ፈራ። እኔ ያስጠናሁሽ መሰለው። ከዚያ በኋላ እስር ቤት አንድ ቀን አልጠየቀኝም።"

"ተይ ስትለኝ…"

"ተይ አልኩሽ" አለ፤ ድምፁን ከፍ አላደረገም።

ስለ ዘምዘም ጠየቅኩት። ሐያት እዚያው ደማም አግብታ ወልዳለች፤ ዘምዘም ከልጇ ላለመለየት በሌላ ካፊል ስም በቤት ሠራተኝነት ወረቀት አውጥታ ቀርታለች። ዓርብ ቤቷን ለእኛ ትከፍት የነበረችው ዘምዘም አሁን ራካ ውስጥ የሰው ሳህን ታጥባለች፤ ዓርብም አይፈቀድላትም። ይኼን ሲነግረኝ እንደ ሩቅ ሰው ታሪክ ነው የነገረኝ። ይቅርታ ልበለው? እውነት ስለተናገርኩ ይቅርታ እንዴት እንደሚባል አላውቅበትም። "አልተቀየምኩሽም" አለኝ ሳልጠይቀው። "አንቺ ምን አውቀሽ።"

ልሄድ ስነሣ ስልኩ ጠራ። ማያውን አየና ፊቱ በራ፤ ከዚያ እኔን አየ። ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ወደ ሱቁ ጥግ ዞረ። የዘምዘም ድምፅ ከርቀት ይሰማኛል፤ እንደ ድሮው ፈጣን፣ እንደ ድሮው ሞቅ ያለ። ማን እንደመጣበት ጠየቀችው መሰለኝ።

"ማንም" አላት ጋሽ ሰይድ። "ማንም አልመጣም። ብቻዬን ነኝ።"